ኤክስተርናል ዲስክ ስትገዙ፦ ባዶ ሳለ የሚሠራ ሥራ

አዲስ ኤክስተርናል ዲስክ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይታወቃል። ቤት ገብቶ ይሰካዋል፣ ፎቶውንና ቪዲዮውን ይገለብጣል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ዋናውን ያጠፋል። ዲስኩ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ አላየም። ፎርማቱ ለሥራው ይስማማ አይስማማ አላጣራም። ጉዱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ፋይሉ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

መፈተሽም፣ ፎርማት ማድረግም፣ ለሻጩ መመለስም ቀላል የሚሆነው ዲስኩ ባዶ ሳለ ነው። ፋይል ከገባበት በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ አደጋ አለው። ስለዚህ ከግዢው እስከ መጀመሪያው ኮፒ ድረስ ያለውን በቅደም ተከተል እንየው።

የትኛውን እንግዛ?

ፍላሽ ለመውሰጃና ለማምጫ ነው። ሲቪ ፕሪንት ለማስደረግ፣ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ለመስማት፣ ፊልም አስጭኖ ቲቪ ላይ ለማየት ይበቃል። ለማቆያ ግን አይሁን። ርካሾቹ ፍላሾች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ደረጃው ዝቅ ያለ ሜሞሪ ነው። ደግሞም ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይጠፋል።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከሩ ክብ ሳህኖች አሉት። ኪስ የሚገቡት፣ 2.5 ኢንች የሚባሉት፣ አብዛኞቹ በደቂቃ 5400 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ ከሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚቆጠር ርቀት ነው። ሥራ ላይ እያለ ጠረጴዛው ቢመታ ወይም ዲስኩ ቢወድቅ ራሱ ሳህኑን ሊነካው ይችላል። ሳህኑ አንዴ ከተጫረ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ዳታ አይመለስም። በሌላ በኩል ለአንድ ቴራ የሚከፈለው ገንዘብ ከኤስኤስዲ፣ ማለትም ዳታውን በሜሞሪ ቺፕ ከሚይዘው ዲስክ፣ በጣም ያነሰ ነው። አንድ ቦታ ተቀምጦ ብዙ ፋይል ለሚይዝ ሰው አሁንም ጥሩ ምርጫ ነው። ስለ ብራንድ ብዙ አትጨነቁ። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱት ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ናቸው። ሽፋኑ ላይ ሌላ ስም ቢጻፍም ውስጡ ያለው ከሦስቱ የአንዱ ነው።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ቢወድቅም ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ድምፅ የለውም፣ ፈጣን ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ ይዞት የሚወጣ፣ አውቶቡስ ላይ የሚያንገጫግጨው ሰው ገንዘቡን እዚህ ላይ ቢያወጣ አይቆጭም። አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ኤስኤስዲ ዳታውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ሳይሰካ ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ቢከርም ያ ቻርጅ ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ልጆቻችን ሲያድጉ ይዩት ብሎ ለሚያስቀምጥ ሰው ሃርድ ዲስክን እመርጣለሁ።

ትልቁና ከባዱ፣ 3.5 ኢንቹ፣ የራሱ የ12 ቮልት አዳፕተር አለው። መብራት ሲጠፋ እሱም ወዲያው ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ ዩፒኤስ ከሌላችሁ ይህን አልመክርም። ትንሹ ግን ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ፣ መብራት ቢሄድም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራው አይቋረጥም።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ አትደንግጡ። 1 ቴራ ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ብሎ ይታያል። አልተጭበረበራችሁም። አምራቹ 1 ቴራ የሚለው 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ቁጥር በ1000 ሳይሆን በ1024 እያካፈለ ያሳያል። ማክ በአምራቹ ስሌት ስለሚሄድ እዚያ ላይ 1 ቴራ ተብሎ ይነበባል።

ፖርቱና ገመዱ

ፈጣን ዲስክ ገዝተው ቀርፋፋ ቀዳዳ ላይ የሚሰኩ ብዙ ናቸው። ዩኤስቢ 2.0 የወጣው በ2000 ሲሆን በወረቀት ላይ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። በተግባር ግን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ቢሰጣችሁ ነው። በ2008 የመጣው ዩኤስቢ 3.0 ወደ 5 ጊጋቢት ከፍ አድርጎታል። ልዩነቱን በሥራ እንየው። 60 ጊጋ የሚሆን የሰርግ ቪዲዮ በዩኤስቢ 2.0 ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያው ሃርድ ዲስክ ዩኤስቢ 3.0 ላይ ቢሰካ 8 ወይም 9 ደቂቃ ይበቃዋል። ደህና ኤስኤስዲ ከሆነ 2 ደቂቃ።

የትኛው ቀዳዳ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የዩኤስቢ 3.0 ምላስ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ወይም አጠገቡ ሁለት ኤስ ፊደሎች ተጽፈዋል። ጥቁር ወይም ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ 2.0 ነው፤ ግን አንዳንድ አምራቾች በቀለሙ አይገዙም። ስሙ ደግሞ ተደጋግሞ ተቀይሯል። ካርቶን ላይ 3.0፣ 3.1 ጄን 1 ወይም 3.2 ጄን 1 የሚል ብታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ያው 5 ጊጋቢት ነው። ስሙ አዲስ ስለሆነ ብቻ ጭማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ታይፕ ሲ የሚባለው ደግሞ የቀዳዳው ቅርፅ ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። ስልክ የምትቻርጁበት የታይፕ ሲ ገመድ ብዙ ጊዜ ዳታ የሚያሳልፈው በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ነው። ከዲስኩ ጋር የመጣውን ገመድ ከዲስኩ አትለዩት።

ኃይልም አለ። ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ ዕቃ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፕ ነው፤ 3.0 ደግሞ እስከ 900። ሃርድ ዲስኩ ተሰክቶ ጠቅ ጠቅ እያለ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ፣ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ያለውን ትታችሁ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ሰኩት። የራሱ አዳፕተር የሌለው ባለብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ለሃርድ ዲስክ አይሆኑም።

አሮጌው ዲስክ ኬዝ ውስጥ ሲገባ

ላፕቶፓችሁን ኤስኤስዲ አስቀይራችሁ ከሆነ፣ የወጣውን ሃርድ ዲስክ ከባለሙያው ተቀበሉት። ኬዝ፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማቀፊያ ሣጥን፣ ከተገዛለት ጥሩ ኤክስተርናል ይሆናል። አገባቡ ብሎን መፍቻ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። የዲስኩ ጫፍ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ መሰኪያዎች ጎን ለጎን አሉ፤ አጭሩ የዳታ ነው፣ 7 ነጥብ አለው፤ ረጅሙ የኃይል ነው፣ 15 ነጥብ አለው። ኬዙ ውስጥ ካለው ጋር አግጥሙና ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። አታዘንብሉት፤ ፕላስቲኩ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል። ሲገባ ክፍተት አይቀርም። ከዚያ ክዳኑን መዝጋት ነው። ኬዙ ዩኤስቢ 3.0 መሆኑን ስትገዙ ጠይቁ። የዲስኩን ውፍረትም አስለኩ፤ 7 ሚሊሜትር የሆነ አለ፣ 9.5 የሆነም አለ፤ ለ7 የተሠራ ኬዝ 9.5ቱን አያስገባም።

ማስቲካ የምትመስለዋ ቀጭን ኤስኤስዲ፣ ኤም ዶት ቱ የምትባለው፣ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። የምትሰካበት ጫፍ ላይ አንድ ቆረጥ ያለ ቦታ ካላት ብዙ ጊዜ ኤንቪኤምኢ ናት፤ ሁለት ካላት ብዙ ጊዜ ሳታ ናት። ለአንዱ ብቻ የተሠራ ኬዝ ሌላውን አያነብም። ስለዚህ ኬዝ ልትገዙ ስትሄዱ ኤስኤስዲዋን ይዛችሁ ሂዱ። ስትገባ ትንሽ አጋደል ብላ ትገባለች፣ ከዚያ ወደ ታች ተጭናችሁ በብሎኗ ወይም በጎማዋ ታስሯታላችሁ። ኤንቪኤምኢ ስለምትሞቅ፣ ከኬዙ ጋር የሚመጣውን ለስላሳ የሙቀት ንጣፍ አትጣሉት።

በኬዝ የተሰካ አሮጌ ዲስክ የድሮ ፋይላችሁን እንደያዘ ይመጣል፤ ፎርማት አይፈልግም። ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉ። ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ከጠየቀ ደግሞ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል ማለት ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ መጀመሪያ የተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ይህን ቁልፍ ላፕቶፑን ከማስፈታታችሁ በፊት ፈልጋችሁ ብትጽፉት ይሻላል።

ሐሰተኛውን መለየት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ፎቶውን የሚያጣው በብዛት እዚህ ጋ ነው።

ፍላሽም ሆነ ኤስኤስዲ ውስጥ ኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች። ኮምፒውተሩ ይህ ዲስክ ስንት ጊጋ ነው ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። አጭበርባሪዎች 8 ጊጋ ሜሞሪ ያለበትን ዕቃ ወስደው ኮንትሮለሯ 128 ነኝ እንድትል ያደርጓታል። ዊንዶውስ ያምናታል። ፎርማት ሲደረግም ያልፋል። ኮፒ ስታደርጉም እስከ መጨረሻው ያለ ምንም ስህተት ይሄዳል። ከ8 ጊጋ በላይ የላካችሁት ግን ወይ ይጣላል፣ ወይ ቀድሞ በገባው ላይ ይደረባል። መጋዘኑ ሞልቶ እያለ ለመጣው ጆንያ ሁሉ ተረክቤያለሁ ብሎ የሚፈርም ንብረት ክፍል እንደ ማለት ነው።

ተንኮሉ ያለው የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ የሚቀመጠው ከዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ፣ እውነተኛው ሜሞሪ ባለበት ስለሆነ ፎልደሩን ስትከፍቱ ሁሉም ይታያል። የፎቶው ስም አለ፣ መጠኑ አለ፣ ቀኑ አለ። ፎቶውን ስትከፍቱት ግን ከላይ የሰው ፊት ይታይና ከወገብ በታች ግራጫ ይሆናል። ወይም ጭራሽ አይከፈትም። ይህን የሚያድስ ሶፍትዌር የለም፤ ዳታው መጀመሪያውኑ አልተጻፈማ።

በጣት የምትያዝ 16 ቴራ ኤስኤስዲ በአንድ ፍላሽ ዋጋ ስትሸጥ ብታዩ አልፋችሁ ሂዱ። እንደዚህ ያሉት ሲከፈቱ ውስጣቸው የስልክ ሜሞሪ ካርድ ሙጫ ተደርጎበት ተገኝቷል። ካርቶኑ ማማሩ ምንም አያረጋግጥም። ሻጩም እኮ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከላይ የመጣለትን ነው የሚሸጠው።

ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ። ለሊኑክስና ለማክ ደግሞ ኤፍስሪ አለ። ኤችቱቴስትደብሊውን ትከፍታላችሁ፣ የዲስኩን ፊደል ትመርጣላችሁ፣ ያለውን ቦታ ሁሉ ሙላ ብላችሁ ታስጀምራላችሁ። ባለ 1 ጊጋ ፋይሎችን እያከታተለ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ተነስቶ የጻፈውን ያነባል። ያነበበው ከጻፈው ጋር ከተመሳሰለ ስህተት አልተገኘም ይላችኋል። ካልተመሳሰለ ስንት ጊጋው ደህና፣ ስንት ጊጋው የጠፋ እንደሆነ ይነግራችኋል። 128 ተብሎ ከተገዛው ፍላሽ 7.8 ጊጋ ብቻ ደህና ነው ብሎ ሲያወጣ፣ ለክርክር ቦታ አይተውም። ስክሪኑን ፎቶ አንሱና ዕቃውን ከደረሰኙ ጋር ይዛችሁ ተመለሱ።

ጊዜ ይወስዳል። ርካሽ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ሰዓታት ይፈጃል። 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ለመጻፉ ብቻ 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈልጋል፣ ለማንበቡም የዚያኑ ያህል። ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ላፕቶፑ በራሱ እንዳይተኛ ግን ሴቲንጉን አጥፉለት። ሲጨርስ የሞከረባቸውን ፋይሎች ሰርዙ። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ከገዛችሁ ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱን እዩ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ አትቀበሉት።

ፎርማት

ፎርማት ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት መንገድ ነው፤ የሚመረጠውም ዲስኩ በሚሰካበት ቦታ ነው። ፋት 32 የቆየ ነው፤ የቆዩ ዲኮደሮች፣ ቲቪዎችና የመኪና ቴፖች ሁሉ ያነቡታል። ነገር ግን 4 ጊጋ የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። 32 ጊጋ ፍላሽ ባዶ ሆኖ እያለ 5 ጊጋ ፊልም አልገባ ብሎ የሚያበሳጨው ለዚህ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የዊንዶውስ ነው። ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ኤክስፋት ዊንዶውስም ማክም ላይ ይነበባል፣ ይጻፍበታልም፤ ሊኑክስም ከርነል ከሚባለው ዋና ክፍሉ 5.4ኛ ዕትም ጀምሮ ራሱ ያውቀዋል።

ታዲያ ሁሉም በኤክስፋት ይሁን? አይመስለኝም። ኤንቲኤፍኤስ ሊሠራ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ መዝገብ ላይ ይይዛል። ስለዚህ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል ካቆመበት ራሱን ማስተካከል ይችላል። ኤክስፋት ይህ መዝገብ የለውም። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዲስኩ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሆነ የሚሰካው ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ማክ ያለው ሰው አብሯችሁ የሚሠራ ከሆነ ኤክስፋት ይሁን፤ ስትነቅሉ ግን ተጠንቀቁ።

አንዳንድ አዲስ ዲስክ፣ በተለይ ኬዝ ውስጥ የገባ አዲስ ኤስኤስዲ፣ ተሰክቶ እንኳ ምንም አይታይም። አልተበላሸም። የዊንዶውስን ምልክት ከኤክስ ጋር ተጫኑና ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ኢኒሻላይዝ ላድርገው (ለሥራ ላዘጋጀው) ብሎ ይጠይቃል፤ ከሁለቱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነቶች ጂፒቲን ምረጡ። ኤምቢአር የሚለው አሮጌው ሲሆን ከ2 ቴራ በላይ ያለውን ቦታ አይጠቀምበትም። ከታች ጥቁር መስመር ያለበት ባዶ ቦታ ይታያል። እሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ኒው ሲምፕል ቮልዩም በሉ፣ ፎርማቱን ምረጡ፣ ስም ስጡት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጠኑን አይታችሁ ትክክለኛውን ዲስክ መያዛችሁን አረጋግጡ፤ የኮምፒውተሩም ዋና ዲስክ እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ማክ ላይ ደግሞ ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ ሁሉንም ዲስኮች አሳይ የሚለውን መርጣችሁ፣ ከላይ ያለውን ዋናውን ስም ይዛችሁ ኢሬዝ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ

ኮፒ ስትጨርሱ ዋናውን ከማጥፋታችሁ በፊት ከዲስኩ ላይ ጥቂት ፋይሎችን ከፍታችሁ እዩ። ከመጀመሪያ፣ ከመሐል፣ ከመጨረሻ። ስትነቅሉ ኢጀክት በሉት። ከ2018ቱ ዊንዶውስ 10 ዝመና ወዲህ ዊንዶውስ ለፈጣን መንቀል ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ኮፒ እየሄደ ከሆነ ወይም አንድ ፋይል ክፍት ከሆነ መንቀል ያበላሻል።

ትልቁን ዲስክ ፕሪንት ቤትና ኢንተርኔት ካፌ ይዛችሁ አትሂዱ። ለዚያ የሚፈለገው አንድ ፋይል ብቻ የያዘ ትንሽ ፍላሽ ይኑራችሁ። ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካያችሁ ቫይረስ ገብቷል። ሾርትከቱን አትጫኑት፤ ፎርማትም አታድርጉ። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እዚያው ናቸው። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አስፈትሹ፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችንና የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን አሳይ የሚሉትን አብሩ።

ሃርድ ዲስክ በሌላ ቀዳዳና በሌላ ገመድም ጠቅ ጠቅ ማለቱን ካላቆመ ንቀሉት። ደጋግሞ መሞከር ሳህኑን ይበልጥ ይጭረዋል። ቤት ውስጥም አትክፈቱት፤ አንዲት የአቧራ ብናኝ ከራሱና ከሳህኑ መካከል ካለው ክፍተት ትበልጣለች። ወደ ዳታ መላሽ ባለሙያ ውሰዱት።

የማይተካ ፋይል ደግሞ ሁለት ዲስክ ላይ ይሁን፤ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ቤት አይደሩ። አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ እህት ወይም ወንድም ቤት። ውጭ የሚኖር ዘመድ ለእረፍት ሲመጣ የቤተሰቡን ፎቶ ገልብጦ ቢወስድ ሦስተኛ ቅጂ ሆነ ማለት ነው። በየስድስት ወሩ ሁለቱንም ሰክታችሁ ጥቂት ፋይሎች ክፈቱ፤ አዲስ የተነሱትን ፎቶዎችም በዚያው ጨምሩ።